አሥራ ሁለት ዛጎል

ገመዱን እየሳብኩ ነበር። ቅርጫቱ ከአሥራ ስምንት ቋጠሮ ጥልቀት እየመጣ ነው፤ ቋጠሮ የምለው አንድ ሰው ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ የሚለካውን ነው። ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ። ውሃው ከገመዱ ላይ ወደ ጉልበቴ ይወርዳል፣ ታንኳዋ ወደ እኔ ታዘነብላለች፣ እኔም ማዶዋን በእግሬ ረግጬ እመልሳታለሁ። ከትልቁ ጦርነት በኋላ በአራተኛው ዓመት ነው፤ ለዚያ ዓመት የሉል ቅርፊት ለቀማ ወቅት በሂኩዌሩ ሐይቅ ላይ ሁለት መቶ ታንኳ ወርዷል። ከሁለት መቶው ውስጥ እንደ እኔ የሚስብ ወንድ አልነበረም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ለመመካትም ቢሆን ምን ይሁን፤ እውነት ነው።

ባሌ ቴሂቫ ከቅርጫቱ ቀድሞ ብቅ አለ። ጠላቂ ሲወጣ ያፏጫል፤ ደረቱ ውስጥ የታመቀውን በጥርሱ መሃል ቀስ እያደረገ ይለቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ በሙሉ ሲያፏጭ ከዳር ሆኖ ለሚሰማው የወፍ መንጋ ይመስላል። ቴሂቫ ግን አላፏጨም። የታንኳዋን ጠርዝ ያዘና በውሃ መነጽሩ ውስጥ ሽቅብ አየኝ።

«ውሻው የት ሄደ?» አለኝ።

«የትኛው ውሻ?»

«ቀዩ ነዋ።»

ቀዩ ውሻ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሆኖ፣ ጥርሱን አብቅሎ ሳይጨርስ ነው። እኔ በወሬ እንጂ አላውቀውም። የሚቀልድ መሰለኝና «ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል» ብዬው ቅርጫቱን ታንኳው ውስጥ ገለበጥኩት። ድንጋይ ነው። አንድም የሉል ቅርፊት የለበትም። ሙሉ ቅርጫት የባሕር ድንጋይና አሸዋ። ሁለት ወቅት ሙሉ በሂኩዌሩ ማንም ያልቀደመው ሰው፣ በጨለማ በጣቱ ዳብሶ ቅርፊትን ከድንጋይ የሚለይ ሰው፣ ድንጋይ ለቅሞልኝ መጣ።

«ና፣ ውጣ» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«እሺ እማዬ» አለኝ።

እኔ እኮ ሃያ ዓመቴ ነው። የግራ እጁ ጠርዙን ለቀቀ፤ እሱ ግን የለቀቀ አይመስለውም፤ ባዶ ውሃውን እንደ ጨበጠ ፈገግ ብሎ ያየኛል። በጸጉሩና በብብቱ ይዤ ጎትቼ እላዬ ላይ ጣልኩት። መቅዘፊያውን አንስቼ ወደ ዳር ዞርኩ። ከጎናችን ባለው ታንኳ ጠላቂው ቱሁራ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ለሚቀጥለው ትንፋሹን እያዘጋጀ ነበር፤ ገመዱን የሚይዝለት ወንድሙ ናቲ ነው።

«ቶሬአ፣ ገና በቀትር ደከማችሁ?» አለኝ ናቲ። «ነው ወይስ አልጋው ናፍቋችሁ ነው?»

«ወንድምህን ጠብቅ» አልኩት። «የእኔን አልጋ እኔ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ በላይ ምን እላለሁ። ዳር እስክንደርስ መቅዘፊያውን አላሳረፍኩም።

*

ዳር ላይ፣ በዘንባባ ቅጠል በተከደነው ጎጇችን ደጃፍ አስተኛሁት። ሰው ተሰበሰበ። የበሽታውን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ ታራቫና ነው፣ እየወደቁ ማበድ ማለት። ባለፈው ወቅት አራት ሰው ይዞ ነበር። ሁለቱን ቀብረናል። አንዱ አፉን መዝጋት አቅቶት ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ እህቱ ታጎርሰዋለች። አራተኛው ዳነ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ ጠለቀ፣ እሱንም ከሁለቱ ጎን ቀበርነው። ስለዚህ ስሙን ማወቅ ምንም አልረዳኝም። እኔ የፈለግኩት ምክንያቱን ነበር፤ ምክንያቱን ደግሞ እያንዳንዱ በየአፉ ይዞ መጥቷል።

አማቴ እማማ ካሄኬ ጀመሩ። «ጠዋት ተጣልታችኋል» አሉኝ። «ገመድ የሚይዝና የሚጠልቅ አይጣላም። ስንቴ ልንገርሽ።»

«የተጣላነው በትራስ ነው፣ እማማ።»

«በትራስም አይጣሉም።»

አንዱ ሽማግሌ ትልቁ የባሕር እባብ ጥላውን ጥሎበት ነው አሉ። ሌላው የኤሊ ሥጋ በልቶ በማግስቱ ስለጠለቀ ነው አለ። እኔም ያንኑ ኤሊ በልቻለሁ፣ ናቲም በልቷል፣ ኤሊው ራሱም በውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ይህን ብናገር «ምላሷን እዩዋት» ተባልኩ።

በዚህ መሃል፣ ለወቅቱ ሐይቁ ላይ ከቆመው መርከብ ሐኪሙ መጣ። ዶክተር ለጎፍ ይባላል፤ ረጅም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ የእኛን ቋንቋ ትኩስ ዓሣ በአፉ እንደያዘ ሰው የሚናገር ፈረንሳዊ ነው። ሰዉን በእጁ ገለል አደረገና ማዳመጫውን ከቦርሳው አወጣ። ሁለት ጫፉን ጆሮው ውስጥ ከቶ ክቡን የቴሂቫ ደረት ላይ አሳረፈ። በሌላ እጁ ሰዓቱን ይዟል። እማማ ካሄኬ እንኳ ለመስማት ጎንበስ አሉ።

«ስልሳ ሁለት» አለ። «ልቡ ደህና ነው። ሳንባው ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ?» አልኩት።

ሐኪሙ ከቦርሳው መርፌ አወጣ። የቴሂቫን የግራ አውራ ጣት ወጋው። ቴሂቫ እጁን አልሳበም። ደም ወጣ፤ እሱ ግን የሌላ ሰው ጣት እንደሚያይ ነበር የሚያየው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባሌ በድንገት ወደ ልቡ ተመለሰ። ተነስቶ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ዙሪያውን አየና «ለምን አስወጣሽኝ?» አለኝ።

«ድንጋይ ስለለቀምክ።»

«እኔ?»

«እማዬም ብለኸኛል።»

ሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ፣ ሳቁና ተበተኑ። አውራ ጣቱ ግን አሁንም አይሰማውም፤ ከጀርባው ደብቆ ሲፈትገው አየሁት። «ነገ ሃያ ቋጠሮ ላይ ነው የምወርደው» አለ። «የዛሬውን ቀን ቱሁራ ወስዶብኛል።» አማቴ «ጎሽ የእኔ ልጅ» አሉት። እኔ ደግሞ ዛፍ ሥር የሚቀመጠውን ሰው አሰብኩ። እህቱ እንዴት አገጩን እንደምትጠርግ አሰብኩ።

*

ሐኪሙን ተከትዬ ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ጀልባውን እየጠበቀ ነበር።

«ነገ ይጠልቃል» አልኩት። «እርስዎ ይከልክሉት።»

«ከልክዬዋለሁ። በደንብ ስቆብኛል።» ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ቆመ፤ እግሩ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። «እኔ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። የጠላቂ ልብ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መስማት እፈልጋለሁ። ባልሽ አልሰማ አለኝ። አንቺ ትጠልቂያለሽ?»

«የማይጠልቅ አለ እንዴ?»

እስከ ወገባችን ገባን። እሱ ሁለት ጣቱን አንገቴ ላይ አደረገ። አማቴ ከዳር ቆመው ያያሉ፣ በኋላ የሚሉኝን አውቃለሁ። አየር ሳብኩና ፊቴን ውሃ ውስጥ ነከርኩ። አሸዋውን አየሁ፣ አንዲት ትንሽ ሸርጣን አየሁ፣ ልቤን ደግሞ ሰማሁት። መጀመሪያ ዱብ ዱብ ይል ነበር። ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ፣ አንዱ ዱብታ ከሌላው ጋር የተኳረፈ ይመስል እየዘገየ መጣ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ታች ሲሆኑ ልብ ያንቀላፋል፤ እኛ ዘንድ ማንም አይገርመውም።

ሐኪሙ በጸጉሬ ጎትቶ አወጣኝ። ፊቱ ከእግሩ የባሰ ነጥቷል።

«ደህና ነሽ? ታይኛለሽ? ስንት ጣት ነው?»

«ጸጉሬን ይልቀቁት።»

«ሠላሳ አራት ነው የመታው። ሰባ የነበረው ሠላሳ አራት። አልጋ ላይ እንዲህ ብሰማ ካህን አስጠራ ነበር።»

«ለእኔ ካህን አይጥሩብኝ፣ ገና አልጨረስኩም» አልኩትና መልሼ ነከርኩ። ደክሞት እስኪቀመጥ ድረስ ቆየሁ። ስወጣ አፏጨሁና «እንግዲህ?» አልኩት።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ከነገረኝ ውስጥ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የገባኝንም በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ልብ ደምን ትገፋለች አለኝ። ደሙ ከሳንባ አየር ተሸክሞ ጭንቅላትም ጋ፣ ጡንቻም ጋ ያደርሳል፤ ሲመለስ የተቃጠለውን አየር ተሸክሞ ይመጣል፣ ሳንባ ያንን ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል። ውሃ ውስጥ ልብሽ የምትዘገየው ያለውን ለመቆጠብ ይመስለኛል አለ። ይመስለኛል ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ ይመስለኛል የሚል ሐኪም አይቼ አላውቅም ነበር።

«ሰው ተንፍስ ተንፍስ የሚለው አየር ስላለቀበት አይደለም» አለኝ። «ውስጡ የተቃጠለው ስለበዛ ነው። እንደ ጭስ ቁጠሪው። ጭሱ ሲበዛ ገላ ይጮኻል። ባልሽ ከመጥለቁ በፊት ምን ያደርጋል?»

«እንደ ሁሉም። ሠላሳ ጊዜ ያለከልካል። አየር ያጠራቅማል።»

«አያጠራቅምም። የኮኮነት ቅል ከሞላ በኋላ ብትቀጂበት ይፈሳል እንጂ ይጨመራል? በማለክለክ ጭሱን ነው የሚያስወጣው። ታች ሲደርስ እሳቱ ሊጠፋ ጥቂት ቢቀረው እንኳ ጭስ ስለሌለ ማንም አይጮኽለትም። እያፏጨሁ እወጣለሁ ሲል መንገድ ላይ ራሱን ስቶ ይተኛል።»

ይህን አሰብኩበት። እኛ ዘንድ ሰው በሆዱ ነው የሚያስበው፤ ስለዚህ ሆዴን ይዤ አሰብኩ።

«ግን ቴሂቫ መንገድ ላይ አልተኛም» አልኩት። «ወጥቶ ነው ያበደው። አየር ሞልቶለት፣ ጭሱም ወጥቶለት። ደግሞስ አውራ ጣቱ? እስካሁን ድረስ ጭስ በአውራ ጣቱ ተደብቆ ይቆያል?»

ሐኪሙ የተላጠ አፍንጫውን አሸ። «አላውቅም» አለኝ።

«ውሻውስ ከየት መጣ? ከሳንባው ነው ከልቡ?»

«ከጭንቅላቱ። ለምን እንደመጣ ግን አላውቅም።»

ተናደድኩ። መርከብ ሙሉ መድኃኒት ይዞ፣ ጆሮው ውስጥ ቱቦ ከቶ፣ አላውቅም ይለኛል። አማቴ ቢያንስ ያውቃሉ፤ ተሳስተውም ቢሆን ያውቃሉ። ጥዬው ልሄድ ዞርኩና አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ማቴኦ አይወድቅም» አልኩት።

«ማቴኦ ማነው?»

*

ማቴኦ ከማንጋሬቫ የመጣ ጠላቂ ነው። ማንጋሬቫ ከእኛ ሩቅ ናት፤ ሰዎቿ በየወቅቱ ጥቂት ሆነው ይመጡና ለብቻቸው ይሰፍራሉ። ሰነፉ ነው የምንለው። አንዴ ጠልቆ ከወጣ ታንኳው ላይ ወጥቶ ይጋደምና ፒፓውን ይለኩሳል፣ ፒፓው አመድ እስኪሆን ድረስ አይነሳም። እሱ አንዴ ሲወርድ ቴሂቫ ሦስቴ ይወርዳል። ስንቴ እንደሳቅንበት አይቆጠርም። «ማቴኦ፣ ፍራሽ እናምጣልህ?» የምንለው የየቀኑ ሰላምታው ነበር።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ እሳቱ አጠገብ ዓሣ እየጠበሰ አገኘነው። ሐኪሙ ጠየቀው።

«አባቴ ነው ያስተማረኝ» አለ ማቴኦ። «በአንዱና በአንዱ መሃል አንድ ፒፓ።»

«ለምን?»

«ትምባሆው ጥሩ ነው።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?»

ማቴኦ ሐኪሙን ልክ እኛ ማቴኦን እንደምናየው አየው። «አባቴን ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። እናንተ አባታችሁን ለምን ትላላችሁ?»

«ማንጋሬቫ ውስጥ ታራቫና የያዘው ሰው ታውቃለህ?»

«ስሙንም እዚህ ነው የሰማሁት።»

ሐኪሙ ደብተሩን አወጣና ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። እሱ ሲጽፍ እኔ ሌላ ነገር አሰብኩ። ማቴኦ ፒፓውን እስኪጨርስ ስንት ጊዜ ነው? ሰዓት ማንበብ አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። ጣቴን ሐኪሙ ያደረገበት አንገቴ ላይ አደረግኩና የራሴን ልብ ቆጠርኩ። መቶ በሞላ ቁጥር ከአሸዋው አንድ ትንሽ ነጭ ዛጎል አነሳሁ። ማቴኦ ለኮሰ፣ አጨሰ፣ አራገፈ። እጄ ላይ አሥር ዛጎል።

ከዚያ የእኛን በልቤ ደገምኩት። ቴሂቫ ብቅ ይላል። በዚያን ጊዜ እኔ ማጥለቂያውን ብረት ቀድሜ አውጥቼ ጠርዙ ላይ አንጠልጥየዋለሁ፤ ጠላቂ በብረቱ ክብደት ነው የሚወርደው፣ ያለ ብረት ቢዋኝ ትንፋሹን መንገድ ላይ ይጨርሳል። ቅርጫቱን እስባለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ እጥላለሁ። እሱ ሠላሳ ጊዜ ያለከልካል፣ ብረቱን ይይዛል፣ ይሄዳል። ሦስት ዛጎል። ምናልባት ከሦስትም ያነሰ። ለናቲ አምስት ይሆናል፣ እጁ ዘገምተኛ ነው። ለሌሎቹም አምስት፣ ስድስት።

ሦስት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከሁለት መቶ ታንኳ የሚበልጠው ክንዴ። ቴሂቫ ቀዳሚ የሆነው እኔ ስለምስብ ነው ብዬ ስንት ጊዜ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ፤ አዎ፣ እኔ ስለምስብ ነው።

ዛጎሎቹን ጨበጥኳቸው። ምክንያቱ ይህ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ሐኪሙም አያውቅም፣ ማቴኦም አያውቅም። ግን አሥርና ሦስት አንድ አይደሉም፤ ያን ያህል ያልተማረም ይቆጥራል።

ማታ በእራት ላይ ለቴሂቫ ነገርኩት። «በመሃሉ ትንሽ ብታርፍ» አልኩት።

«እንደ ማቴኦ?»

«እንደ ማቴኦ።»

«እኔ ስጋደም ቱሁራ ቅርፊቱን ይለቅማል» አለኝ። «ምን ሆነሻል? አንቺ ነሽ ስትጮሂብኝ የነበርሽው፣ ቶሎ፣ ቶሎ ስትይ።»

እውነቱን ነው። እኔ ነበርኩ።

*

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሃያ ቋጠሮ ካለበት ቦታ ደረስን። ዛጎሎቹን ከታንኳው ወለል ላይ፣ ከእግሬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ቴሂቫ አለከለከ፣ ብረቱን ያዘ፣ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ዘንድ ጠላቂ ገመድ አይስብም። የሳበ እንደሆነ የራሱን እስትንፋስ ይስባል ይባላል፤ ከወጣ በኋላ ጣቱን እንኳ ገመዱ ላይ አያሳርፍም። የሚጠልቀው ይጠልቃል፣ የሚስበው ይስባል። ስለዚህ ብረቱ እኔ ካላወጣሁት አይወጣም።

ቴሂቫ ከታች ሲደርስ ብረቱን ለቀቀው፤ ገመዱ ላይ ተሰማኝ። እጄ በልማዱ ሊስብ ተነሳ። መለስኩት። ተቀመጥኩበት ማለት ይቀላል፤ ሁለቱንም እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

ቴሂቫ እያፏጨ ወጣ። ጠርዙን ይዞ ብረቱን ፈለገ።

«የታለ?»

«ድንጋይ ይዞታል መሰለኝ።»

«ሳቢው እንጂ።»

«እየሳብኩ ነው።»

ቅርጫቱን አወጣሁ፣ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ለቀምኩ፣ አጠብኩ፣ አገላበጥኩ። ከዚያ የብረቱን ገመድ ያዝኩና አንድ ቋጠሮ ስቤ ተነፈስኩ። ሌላ ቋጠሮ ስቤ ወገቤን ያዝኩ። አንድ ጣቴ አንገቴ ላይ ነው። መቶ ሲሞላ አንዱን ዛጎል በእግሬ አውራ ጣት ወዲያ እገፋለሁ።

«ታመሻል እንዴ?» አለኝ።

«ክንዴ ነው። ትናንት አንተን ሳወጣ ወለም አለኝ።»

መጀመሪያ አዘነልኝ። በሦስተኛው ላይ ማዘኑን ተወ። በአምስተኛው ላይ ሲሳደብ የባሕሩ ዓሣ ሁሉ ሰምቶታል። ከጎን ናቲ ገመዱን እየሳበ ያየኛል፤ እሱ ሁለቴ ሲያወርድ እኔ አንዴ ነው።

«ቶሬአ፣ ብረቱን ነው የምትስቢው ወይስ ሂኩዌሩን?» አለ።

ታንኳዎቹ ሁሉ ሳቁ። «ፍራሽ እናምጣልሽ?» አለችኝ አንዷ፣ ክንዷ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሴትዮ፤ ትናንት ብትሆን ቀና ብላ አታየኝም።

ምላሴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያን ቀን ነክሼ ያዝኩት። ፊቴ ጋለ፣ ጆሮዬ ጮኸ። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ ሲሰድቡኝ ልቤ ይሮጣል። መቶው ቶሎ ይሞላል፣ ዛጎሉ ቶሎ ያልቃል። አሥሩ ዛጎል እንደ ትናንቱ አሥር አይደለም። ታዲያ ስንት ላድርገው? ማንን ልጠይቅ? ቆጠራው ተምታታብኝ፣ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ አንዴ ቴሂቫ «ምን ታጉረመርሚያለሽ?» ብሎ አቋረጠኝ። በመጨረሻ ከቅርፊቶቹ መሃል ሁለት ትንንሽ ዛጎል ለቅሜ ጨመርኩ። አሥራ ሁለት። አንዱ ለናቲ፣ አንዱ ለሸንበቆዋ ሴትዮ።

በሰባተኛው ላይ ቴሂቫ እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ።

«ንካው» አልኩት። «ንካውና እናትህ ይሰሙ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ወደ ውሃው መለሰውና ጠርዙን በጡጫ መታው። «ከዛሬ በኋላ ገመዴን ናቲ ነው የሚይዝልኝ» አለኝ።

«ነገ ይያዝልህ» አልኩት። «ዛሬ እኔ ነኝ።»

*

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጠላቂ ሲወድቅ የሚነፋው የዛጎል መለከት ተነፋ። አንዴ ሲነፋ አንድ ሰው ማለት ነው። ቀና ብለን ሳንጨርስ ሁለተኛው ተነፋ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ሌላ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ንፋስ የለም፣ ውሃው ሳህን መስሏል፤ ለመጥለቅ እንደዚያ ያለ ቀን የለም፣ ሁሉም ያለ ዕረፍት ሲወርድ የዋለውም ለዚያ ነው። ያን ቀን ሰባት ሰው ወደቀ።

ከሰባቱ አንዱ ቱሁራ ነው። እያፏጨ ወጣ፣ ናቲን አየ፣ «እግሬ የት ነው?» አለው። እግሩ እዚያው ነበር። ናቲ ሊያነሳው ሲታገል እኔና ቴሂቫ ቀዝፈን ደረስን። በአንድ ትንፋሽ ወደ ታንኳ ጎትቼ አስገባሁት፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ከእርጥብ ግንድ ይከብዳል። ናቲ እያለቀሰ ስለነበር ክንዴን አላስተዋለም። ቴሂቫም ዓይኑ ቱሁራ ላይ ነበር።

ሐኪሙ ዳር ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል፣ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ይንገላወዳል። «ልቡ ደህና ነው» ይላል። ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፣ «የዚህም ደህና ነው» ይላል። ሰባት ደህና ልብ፣ ሰባት ደህና ሳንባ፣ አንድም ደህና ሰው የለም። ሁለቱ ሌሊቱ ሳይነጋ ሞቱ። ቱሁራ ኖረ፤ ከወገቡ በታች ግን ሌላ ሰው ሆኖ ኖረ።

ሐኪሙ ሲያልፍ እጄን ያዘኝ። «ባልሽስ?»

«ያውና፣ እየተሳደበ ነው።»

«ምን አደረግሽ?»

«ዘገየሁ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «በትክክል ለምን እንደሠራ ልነግርሽ አልችልም» አለኝ።

«አልጠየቅኩዎትም» አልኩት።

ያን ምሽት በእሳቱ ዙሪያ ቴሂቫ በቱሁራ ፈንታ ለራሱ ሲያዝን አመሸ። «እኔ እኮ ለጥቂት ተረፍኩ» ይላል፤ «ሚስቴን ክንዷን ወለም ባይላት ኖሮ ከቱሁራ ጎን ነበርኩ። እግዜር በሴት ድክመት ሰው ያድናል።» ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ ካሄኬ የኮኮነት ቅባት አምጥተው ትከሻዬን አሹልኝ፤ ምንም ያልሆነውን ትከሻ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ብነግራቸው ባሌ በነገታው ገመዱን ለናቲ እንደሚሰጥ አወቅኩ፤ ደካማ ሚስት ታሳዝናለች፣ ሆን ብላ የምትዘገይ ሚስት ግን ትባረራለች። አፌን ዘጋሁት። ክንዴ ያን ምሽት ታመመና እስከ መጨረሻው ሳይድን ቀረ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሸንበቆዋ ሴትዮ በጓሮ በር መጣች። ባሏ ውሻ ሳይሆን አሳማ ፈልጎ ነበር። «እትዬ ቶሬአ» አለችኝ፤ እትዬ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «እግርሽ ሥር የምትገፊው ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት» አልኳት። «ካልተሰደብሽ አሥር።»

ከእሷ በኋላ ሌላዋ መጣች። በሚቀጥለው ወቅት የሂኩዌሩ ሴቶች ክንድ አንዱ አንዱን እየተከተለ ወለም አለ። ወንዶቹ በየእሳቱ ዙሪያ ሲያማርሩ ያመሹ ነበር፤ የዛሬ ሴት እንደ እናቶቻችን አይደለችም፣ ጉልበቷ ሄዷል ይላሉ። ከሁሉ በላይ የሚያማርረው ቴሂቫ ነው። መለከቱ መነፋቱን ያላቆመው ወንድ ገመድ በያዘበት ታንኳ ላይ ብቻ ነው።

ቴሂቫ ሰባ አንድ ዓመት ኖረ። አውራ ጣቱ አልተመለሰችለትም፣ ሌላው ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው የራሱ ነበር። ለልጆቹ ነገራቸው፣ ለልጅ ልጆቹ ነገራቸው፤ አያታችሁ በወጣትነቷ እንደ ወንድ ትስብ ነበር፣ በሃያ ዓመቷ ክንዷ ከዳት ብሎ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንዳንዴ ያውቅ ይሆን እላለሁ። አንድም ቀን ገመዱን ለናቲ አልሰጠውም። አልጠየቅኩትም፣ አልነገረኝም።

በቀበርነው ማግስት ታንኳዋን ለብቻዬ አወጣሁ። አሥራ ስምንት ቋጠሮ ያለበትን ቦታ አላጣሁትም። ብረቱን ለቀቅኩት፣ መሬት እስኪነካ ጠበቅኩ፣ ማዶውን በእግሬ ረገጥኩና ሳብኩ። ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ። ብረቱ ጠርዙን ሲመታ አርባ ሁለት ትርታ ቆጥሬ ነበር፤ ግማሽ ዛጎል እንኳ አይሞላም። ልቤ እየሮጠ ስለነበር እውነተኛው ጊዜ ከዚያ ያንሳል።